ከደጅ የተመለሰች ጠያቂ

ሰኞ

ሽሮፕ አጠጥቼ ላክኋት። የዛሬው ወሬ ይኸው ነው።

ሲነጋጋ የሀያት ግንባር እንደ ትኩስ ዳቦ ይፋጅ ነበር። "አባ፣ ጉሮሮዬን እየወጋኝ ነው" አለችኝ። የትኩሳት ሽሮፑን በማንኪያ ሰጠኋት። ሻይዋን ጠጥታ ሳትጨርስ ቀዝቀዝ አለች። እሷ ቀዝቀዝ ስትል እኔ ደፋር ሆንኩ። ምክንያት ደግሞ አላጣሁም። እናቷ ዘሀራ የምታስተምረው ሰንበቴ ከተማ ነው፣ እስከ ዓርብ አትመጣም። የሞባይል ጥገና ሱቄን ከእኔ ሌላ የሚከፍት የለም። ልጅቷ የሒሳብ ፈተና አለባት። ደግሞ ራሷ "ካልሄድኩ ቢፍቱ ዴስኩ ላይ ብቻዋን ልትቀመጥ ነው" ብላ አለቀሰች። ሁለተኛ ክፍል ናት። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ከእኔም ከእናቷም ትበልጥባታለች።

ጸጉሯን የሠራሁላት እኔ ነኝ። አንዱ ጉንጉን ወደ ደሴ፣ አንዱ ወደ አዲስ አበባ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባ ሰይድ እንደ ልማዳቸው ሽጉጧን ግንባሯ ላይ ደገኑ። ሽጉጥ የምንላት ያቺ የኮሮና ጊዜ የሙቀት መለኪያ ናት። ኮሮናው ተረሳ፣ ውሃና ሳሙናው ከበሩ ተነሳ፣ ማስኩም የት እንደገባ እንጃ። አባ ሰይድ ግን መለኪያዋን አልተዉም። "እለፊ!" አሏት። አለፈች። መለኪያው ካሳለፋት እኔ ማን ነኝ ብዬ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

አመሻሽ ላይ ትኩሳቱ ተመለሰ፣ ሳልም ይዞ መጣ። ለዘሀራ ደወልኩ። "አጠጥተህ ላክሃት?" አለች። ከዚያ ስልኩን ዘጋችው።

ማክሰኞ

ዛሬ አልላክኋትም። ሱቅ ይዣት ሄጄ ከባንኮኒው ጀርባ ፍራሽ አነጠፍኩላት። ስልክ ሊያሠራ የመጣው ሁሉ ጎንበስ እያለ "ምን ሆነሽ ሆዴ?" ይላታል፤ ራሷን ይዳስሳል፣ እጇን ይስማል። ያኔ በኮሮናው ጊዜ ባጃጅ ውስጥ አንዴ ባስነጥስ ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶልኝ ነበር። ሹፌሩም ጋቢናውን ጥሎ ሊወርድ ምንም አልቀረው። ዛሬ ያ ሁሉ የለም። በሽታውን ሳይሆን ፍርሃቱን ነው ያስወጣነው መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቀለል ሲላት ወሬ ጀመረች። "ቢፍቱ ቅዳሜ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ልቧን ሊሰፉላት።"

ይህን አውቃለሁ። ቢፍቱ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። ትንሽ ከሮጠች ከንፈሯ ይጠቁራል። እናቷ ሩቂያ ከገበያው ጫፍ ማንጎና ሸንኮራ እየሸጠች ብቻዋን ነው የምታሳድጋት። ለዚህ ተራ ስንት ዘመን ጠብቃለች። ከሆስፒታሉ ደውለው ሲጠሯት መንገድ ላይ እልል ብላ ሰው ሰርግ መስሎት ነበር። የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሳልም ትኩሳትም ይዟት እንዳትመጣ። ከያዛት አያስገቧትም፣ ተራው ለሌላ ልጅ ያልፋል፣ እሷም እንደገና ከጅራት ትሰለፋለች።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሰኞ ጠዋት ግን ትዝ አላለኝም።

"ሰኞ አብራችሁ ነበራችሁ?" አልኳት።

"አዎ፣ እናቷ የላከችልንን ሸንኮራ በላን። አንዴ እኔ እገምጣለሁ፣ አንዴ እሷ።"

የምበይድበት ካውያ በእጄ ነበር፣ የሰው ስልክ ላቃጥል ነው ብዬ አስቀመጥኩት።

ረቡዕ

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ደረቷን አዳመጠች፣ ጉሮሮዋን አየች። "ያኛው፣ ኮሮናው ነው ወይስ ተራ ጉንፋን?" አልኳት። "አሁን የሚመረመርበት የለንም። ያም ሆነ ይህ ቤት ትረፍ፣ ፈሳሽ ትጠጣ፣ ትኩሳቱ ሳይለቃት ትምህርት ቤት አትላካት" አለችኝ። ደግ ልጅ ናት። "ባለፈው ሰኞስ?" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ሱቅ ስመለስ አባ ሰይድ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሽጉጧን በሶፍት ጠቅልለዋታል። "ጀማል ልጄ፣ ይቺ ነገር መብራቷ ጠፋብኝ፣ እስቲ እያት" አሉ። ከፈትኳት። ባትሪ ድንጋዮቹ ፈንድተው፣ ቅባታቸው ፈሶ፣ ውስጧ አረንጓዴ ሆኗል። ይህ የዛሬ ጉዳት አይደለም፣ የቆየ ነው።

"አባ ሰይድ፣ ይቺ እኮ ከሞተች ዓመት አልፏታል።"

"እሱንስ አውቀዋለሁ" አሉኝ ፈገግ ብለው። "ፊቷ ላይ የነበረችው ቀይ መብራት ብቻ ነበር የምትበራው። እሷም ስትጠፋ ነው የከፋኝ። ልጆቹ ካልደገንኩባቸው አይገቡማ! ግንባራቸውን ገልጠው ተሰልፈው ነው የሚመጡ።"

ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ተውኩት። የከሚሴን ስልክ ሁሉ የምፈታታው እኔ፣ በሞተ ዕቃ ልጄን አስለክቼ አስገባሁ ማለት ነው። እሳቸው ላይ አልፈርድም። እሳቸው ለልጆቹ ጨዋታ ነው የያዙት። ማመን የፈለግኩት እኔ ነኝ።

ሲመሽ ለሩቂያ ልነግራት ተነሳሁ። እስከ በሯ ደርሼ ሻንጣ ስታስተካክል አየኋትና ተመለስኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ

ምን ዓይነት ቀን ነው!

ሀያትን ቤት አስቀመጥኳት፣ ማንም እንዳይነካት፣ ማንንም እንዳትነካ። ሱቁን ዘግቼ አብሬያት ዋልኩ። የረሳሁት ነገር ቢኖር ያለሁት ከሚሴ መሆኑን ነው። ልጅ ሦስት ቀን ከቀረች ትምህርት ቤቱ ዝም ይላል? ከሰዓት በኋላ በሩ ሲንኳኳ ብከፍት ክፍሉ በሙሉ ደጄ ላይ ቆሟል። መምህሯ ብርቱካን በፌስታል ይዛለች። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈዋል፣ ሙዝ የያዘ፣ ብስኩት የያዘ፣ ባዶ እጁን መጥቶ ያፈረ። ከፊት ቢፍቱ፣ ማንጎ በሁለት እጇ አቅፋ።

የታመመ መጠየቅ እዚህ ቀልድ አይደለም። ሱናም ነው፣ ወግም ነው። የተጣላ እንኳ ይጠይቃል። ጠያቂ ከደጅ የመለሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

በሩ ላይ ተገተርኩ። "አትግቡ" አልኩ።

መምህሯ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ጎረቤታችን እማማ ከድጃ ከአጥራቸው ብቅ አሉ። "ያ ጀማል! ምን ነካህ? የአሏህን እንግዳ ትመልሳለህ?"

"ይተላለፋል እማማ። ልጆቹን እንዳይይዝብኝ ነው።"

"ጉንፋን እኮ ነው!" አሉ። "ስንቱን ጉንፋን ስመን አሳልፈናል!"

ቢፍቱ በእግሬ ሥር ሾልካ ልትገባ ስትል ክንዷን ያዝኩ። ክንዷ የሸንኮራ ቅጠል ያህል ነው። ቁጢጥ አልኩና "አንቺ በተለይ አትገቢም" አልኳት። በተለይ ያልኩት ለልቧ ነበር። እሷ የሰማችው ግን ሌላ ነው። "ለኪ፣ አይሆንም! ጓደኛዬ ናት! እኔ ብቻ ልግባ!" አለች። እምቢ አልኩ። ማንጎውን መሬት ላይ አስቀምጣ እያለቀሰች ሄደች፣ ዞራም አላየችኝ። ከውስጥ ሀያት "ቢፍቱ! ቢፍቱ!" ትላለች በዚያ በሻከረ ድምጿ።

ሌሎቹን መምህሯ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር አስቀመጠቻቸው። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ሀያት ብርድ ልብስ ለብሳ ከሩቅ ታየቻቸው። እማማ ከድጃ አኩርፈውም ቢሆን መዳፋቸውን ዘረጉ። "ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ፣ አሏህ ያሽርሽ፣ አፊያሽን ይመልስልሽ" እያሉ ዱዓ አደረጉ። ልጆቹ ግቢው እስኪያስተጋባ "አሚን!" አሉ። ሀያት ከውስጥ ለራሷ ዱዓ "አሚን" እያለች ትስላለች።

ከዚህ በኋላ ነገ የሚባል የለም አልኩና ሩቂያ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ልጄን ከደጅ መለስካት።"

"መለስኳት። ምክንያቴን ልንገርሽ።" ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽሮፑን፣ ፈተናውን፣ ሸንኮራውን። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላሉ፤ እኔ በሽታውን በማንኪያ ደብቄ ለልጅሽ ላክሁላት አልኳት።

ወደ ውስጥ ገብታ ቢፍቱ አጠገብ ቁጭ አለች። ከዚያ "አስመርምረሃታል?" አለች።

"ምርመራው አሁን የለም።"

"ታዲያ እኔ በምን አውቃለሁ?" አለች። የቢፍቱን ግንባር በእጇ ጀርባ ነካች፣ ከዚያ የራሷን፣ ከዚያ እንደገና የልጅቷን። "አሁን ደህና ናት" አለች ለራሷ። ሌባ የሚያይ ዓይን ጠብቄ ቀና ብል የደከመ ዓይን አየሁ። "ምን ልበልህ ጀማል? አምና ቢፍቱን እያሳላት ልኬያታለሁ። ገበያ ቀን ነበር። ማን ጋ ልተዋት?"

ቢፍቱ ግድግዳውን እያየች ተኝታ ነበር። ሰላም ብላት አልመለሰችም።

ዓርብ

የሀያት ትኩሳት ለቀቃት። አልሐምዱሊላህ። መደሰት ግን አቃተኝ። ሰኞ የበሉት ሸንኮራ ዛሬም ከጉሮሮዬ አልወረደም።

ከጁምዓ በፊት ሽጉጧን ይዤ ቁጭ አልኩ። ዝገቷን በአልኮል ጠረግኩ፣ የተበላውን ሽቦ ቀየርኩ፣ አዲስ ድንጋይ አስገባሁ። ጢጥ አለች! ራሴን ለካሁ፣ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ለካሁ፣ ስልክ ሊያሠራ የመጣውን ሽማግሌ ለካሁ። ሽማግሌው "ምን በደልኩ?" ብለው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ትሠራለች። ለአባ ሰይድ ነግሬ ሩቂያ ዘንድ ወሰድኳት፣ እስኪሄዱ ድረስ እንድትለካበት።

ቢፍቱ መሣሪያዋን ስታይ ሳትወድ በግድ ግንባሯን ገለጠች። ጢጥ። ደህና ናት። ተቀብላኝ እናቷን ለካች። ጢጥ። ከዚያ አፍንጫዬ ሥር ደገነችብኝ።

"ታረቅን?" አልኳት።

"አልታረቅንም" አለችና ተኮሰችኝ።

ዘሀራ ከሰንበቴ መጣች። ሀያትን አቅፋ ጸጉሯን ፈትታ እንደገና ሠራችው። ሻይ ስታቀብለኝ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

ቅዳሜ

ገና ጎህ ሲቀድ አስፋልቱ ዳር ወጣን። እነሱ ከወዲያ ማዶ መኪና ይጠብቃሉ፣ እኛ ከወዲህ። ትልልቅ የጭነት መኪኖች መሐላችን ያልፋሉ። ሀያት ልሻገር አላለችም፣ ገብቷታል።

ሚኒባሱ ቆመ። ሩቂያ እቃውን ስታስጭን ቢፍቱ አንድ ጊዜ ሳለች። አንድ ጊዜ። ዘሀራ ክንዴን ጨመቀችኝ። አቧራው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ አላመንኩትም።

ከዚያ ቢፍቱ ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ከተተችና ሽጉጧን አወጣች። በአስፋልቱ ላይ አሻግራ ሀያት ላይ ደገነች። ሀያት ሻሿን ወደ ኋላ ገፍታ ግንባሯን ሰጠቻት። "እለፊ!" ስትል ከዚያ ማዶ ተሰማን።

ሄዱ። ሽጉጧንም ይዛት ሄደች። ለአባ ሰይድ ምን እላለሁ?

ሰኞ

አባ ሰይድ መላ አግኝተዋል። በር ላይ ሌባ ጣታቸውን ደግነው ልጆቹን አንድ በአንድ ያሳልፋሉ። ሀያት ስትደርስ ግን ጣታቸውን አጠፉና መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ፣ ትንሽም ቆዩ። "አሁን እለፊ" አሏት። ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይን ለዓይን ተገጣጥመን ሁለታችንም አቀረቀርን።

ሀያት የቢፍቱ ቦታ ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣ ማንንም አላስቀምጥም ብላለች አሉ። መምህሯም ትተዋታለች።

ቀኑን ሙሉ ስልክ ስፈታ የራሴን ስልክ አያለሁ። የሰው ብሎን ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። ከአስር ሶላት መልስ ተደወለ። ሩቂያ ናት፣ እያለቀሰች።

"ደረቷን አዳመጧት፣ ትኩሳቷን ለኩ። ንጹሕ ነች አሉኝ። አስተኝተዋታል፣ ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ትገባለች። ዱዓ አድርጉላት ጀማል።"

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ነገ ደግሞ ነገ ነው፣ ገና ምኑ ታየ። ሩቂያ "ቆይ፣ ላናግረው እያለች ነው" አለች። ስልኩ ተንኳኳ፣ ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"የሀያት አባ፣ ስመለስ ታስገቡኛላችሁ?"

በሩን ከማጠፊያው ነቅዬ እጠብቅሻለሁ አልኳት። "እሺ፣ እንግዲያው ታርቀናል" ብላ ስልኩን ለእናቷ ሰጠች። ሱቁን በጊዜ ዘጋሁና ለሀያት ልነግራት ወደ ቤት ሄድኩ።