ፋሻው እስኪፈታ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል

ለምወድሽ ልጄ፣

የወንድምሽ ፋሻ ሐሙስ በሦስት ሰዓት ይፈታል።

ቅዳሜ ፋብሪካው ውስጥ የቀለጠ ብረት ሲያፈሱ ቀኝ እጁ ተቃጠለ። የቀለጠው ብረት ያለበትን ድስት ሁለት ሰው ይሸከመዋል፤ ጓንቱ ግን ለሁለቱ አንድ ጥንድ ነው። አንዱ የቀኙን፣ አንዱ የግራውን ያጠልቅና ባዶ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይሄዳሉ። አባትሽም በወጣትነቱ እዚያው እንዲህ ሠራ፤ አለቃ ከሆነ ወዲህም እንዲህ ያሠራል። ቅዳሜ ባልደረባው ሲደናቀፍ ወንድምሽ ድስቱን በባዶ እጁ ደገፈው። ባይደግፈው ኖሮ የባልደረባው እግር ላይ ነበር የሚፈሰው።

እሑድ ሥራ አስኪያጁ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ።

«አይዞዎት እትዬ፣ ቀላል ቃጠሎ ነው» አለኝ። «ብቻ ፋሻውን ከእኛ ነርስ በቀር ማንም እንዳይነካው። ሐሙስ ቁስሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ሥራው ይጠብቀዋል።»

«ካመረቀዘስ?»

«ካመረቀዘማ ራሱን አልጠበቀም ማለት ነዋ። እኛ ምን እናድርግ?»

«ሌላ ሐኪም ቤት ብወስደውስ?»

«ሌላ ሰው ከፈታው እኛ የለንበትም። ሥራውንም ሕክምናውንም ይርሳው።»

አባትሽ አጠገቡ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ልጦ ሲጨርስ ለእንግዳው ሰጠው።

ሰውየው ከወጣ በኋላ መዝገበ ቃላቴን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ባለፈው ሳምንት ቤት መቀየርሽን ስትጽፊልኝ በእንግሊዝኛ «ኦርዲል ነበር» ብለሽኝ ነበር፤ ሶፋው በደረጃው አላልፍ ብሎ። አልተቀየምኩሽም። እኔም ያን ሁሉ ዘመን እንግሊዝኛ ሳስተምር «ከባድ መከራ» ብዬ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነው ያለፍኩት። ጥንት ግን ቃሉ ፍርድ ማለት ነበር። የተከሰሰ ሰው የጋለ ብረት ያስይዙትና ጥቂት እርምጃ ያስኬዱታል። ከዚያ እጁን ጠቅልለው ያትሙታል። በሦስተኛው ቀን ይፈቱታል። ቁስሉ ንጹሕ ከሆነ ሰውየው ንጹሕ ነው፤ ከመገለ ጥፋተኛ ነው። ብረቱን ማን አጋለው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ዛሬ የወንድምሽ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የእኛዎቹ አምስት ቀን ፈልገዋል።

እሱ እንደ ልማዱ ይቀልዳል። «ግራ እጄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጦር ኖራ ገና አሁን ሥራ ገባች» ይላል። ዛሬ ጠዋት ግን ፊቱን ሳጥበው ከፋሻው ሽታ መጣብኝ።  እሱም፣ «እማ፣ መስኮቱን ክፈቺው፤ ሞቀኝ» አለኝ። ውጭ ብርድ ነው። ከፈትኩለት። ጣቶቹን አንቀሳቅስ ስለው ትራሱን አስተካክይልኝ አለ።

ለአባትሽ ስነግረው ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ሐሙስ ሩቅ አይደለም» አለ።

«ለማን ነው ሩቅ ያልሆነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሥራውን እንዲያጣ ነው የምትፈልጊው?»

«አንተ ጓንት ነህ እንዴ ለእነሱ?» አልኩት። እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ቁርሱን ሳይበላ ወጣ።

ገንዘብ እንዳትልኪ። ለወንድምሽም ደውለሽ አታልቅሺበት፤ ስለ ሶፋው ንገሪው፣ ይስቃል። አዲሱ ቤትሽ የጤና ይሁንልሽ፤ እጅሽን ክፉ አይንካው። ሁልጊዜ እግርሽን ነበር የምመርቅልሽ፣ ዛሬ እጅሽን አልኩ።

አባትሽ ለምሳ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። የፋሻ መፍቻ መቀሱን ቀቅዬ ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ የሚቀመጥበት ቦታ አድርጌዋለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቀዋለሁ፤ ሐሙስን ግን አልጠብቅም።

እናትሽ