ፈቃድ የወጣና ፈቃድ ያወጣ

ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

እህቴ አስቴር ልጇን ከቀበረች ወዲህ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ የሚያናግራት ሰው ፍለጋ ጤና ቢሮ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያሉትን ጋሽ ወልዴን፣ «ፈቃድ የወጣ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ?» አልኳቸው።

«ፈቃድ ከወጣማ ሲመለስ ነዋ። ለመሆኑ እዚህ መቼ ኖሮ ነው ፈቃድ የሚወጣው?» ብለው ሳቁብኝ። ኋላ ነገሩ ሲገባቸው ጅማ የግል ክሊኒክ ያላት አንዲት ባለሙያ ጠቆሙኝ።

ቤት ገብቼ ለአስቴር ብነግራት፣ «የወጣ አይባልም፤ ያወጣ ነው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ድሮ ተማሪ ሳለን ለእጮኛዬ የምጽፈውን ደብዳቤ ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ ስታርምብኝ እንዴት እናደድ ነበር። ዛሬ ደግማ እንድታርመኝ አውቄ ሌላ ቃል ባበላሽ ዝም አለች። እንግዲህ ጅማ እስክንሄድ ድረስ እየተሳሳትኩ ልኑር።