ቃሬዛህ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። አገሩ ሁሉ አንቱ ሲልህ እኔ አንተ እያልኩህ ነው ያደግሁት፤ ዛሬም እንደዚያው ልበልህ።

ሰሞኑን በሕልሜ ትመጣለህ። ሁልጊዜም ቃሬዛው ላይ ነህ፤ የተሸከመህ ሰው ግን አይታየኝም። ከሰሃላ ዳገቱን በጉም ውስጥ እየተንሳፈፍክ ትወጣለህ፣ እኔም ከኋላህ እከተላለሁ። ሰቆጣ ሳንደርስ እነቃለሁ። በውኑም አልደረስንም።

እማዬ ደህና ናት፤ ያንተ መደብ ላይ ግን ማንንም አታስተኛም። በወይራ እንጨትና በበሬ ጠፍር የሠራኸው ቃሬዛ እንደተሰቀለ ነው። የታመመ ሲኖር የቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል። ያስተማርከንም አልቀረም፤ ቃሬዛ መንገድ ላይ ያገኘ፣ ዘመድ ይሁን ባዳ፣ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም።

ሆድህን ታመህ ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል ስንወስድህ ትዝ ይልሃል? ፀሐይ እንዳይመታህ በጋቢ ብንሸፍንህ፣ ማሳዋን የምታርም አንዲት ሴት ሬሳ መስለሃት ሙሾ ጀመረች። አንተ ሆዬ እጅህን ከጋቢው አውጥተህ ሰላም አልካት! ደንግጣ አረሟን ጥላ ሮጠች። የተሸከሙህ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ፤ አንተም ሳቅክ። ዳገቱን ሳንጨርስ ዝም አልክ። ስንመለስ ሴትዮዋ ከማሳዋ ዳር ቆማ ጠበቀችን፤ ያቋረጠችውን ሙሾ ጨረሰችልህ።

አሁን ሰቆጣ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ባለፈው አንዲት ተማሪዬ፣ መታከም በሕገ መንግሥቱ መብት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መጽሐፉን ገልጬ የአገር አቅም በፈቀደ መጠን የሚለው ጋ ስደርስ መልሼ ዘጋሁት። በዚያ ዳገት አንተን ከተሸከሙት መካከል አቅሜ ከፈቀደ ያለ አልነበረም። መብት ነው፣ ሰሃላ ግን ገና አልደረሰም አልኳት። ሳልናደድ ማስተማር አቅቶኛል፣ አባዬ።

መኪና ደጃችን ድረስ የገባ ቀን ቃሬዛህን አውርጄ ለማገዶ እፈልጠዋለሁ፤ ቅር እንዳይልህ። እስከዚያ ጠፍሩ እንዳይደርቅ በየክረምቱ መጥቼ ቅቤ እቀባዋለሁ፤ እያሸሁም አስብሃለሁ።

በሕልሜ ደግመህ ስትመጣ ግን ከኋላ አልከተልህም። ትከሻዬን እሰጥሃለሁ።