በአውሮፕላን ከሆነ አንድ ሰዓት ነው

ለክቡር አቶ ተስፋዓለም
የመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ
አዲስ አበባ

አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ቤተሰብዎን ሁሉ በሰላም ያቆይልዎ፤ ሐዘንም ደጅዎን አይርገጥ። መምጣቱ ካልቀረ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ይምጣልዎ።

እኔ ዘይቱና በድሪ፣ በመዝገብ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ያገለገልሁ ሠራተኛዎ፣ የፈቀዱልኝ አንድ ቀን ካለፈ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ምክንያቴን በጽሑፍ እንዳስረዳ ትናንት በስልክ ማስጠንቀቂያ ስለላኩልኝ፣ ለሌላውም ትምህርት ይሆናል ብዬ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

1ኛ፤ አባቴ ገለምሶ ላይ ሌሊቱን ማረፋቸውን ሰምቼ በጠዋት ቢሮዎ ስገባ፣ ወንበር ስበው ስላስቀመጡኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን ብለምንዎ ስልክዎን አውጥተው ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለውን የአየር ርቀትና ሰዓት አነበቡልኝ፦ አንድ ሰዓት። ስለዚህ አንድ ቀን ይበቃሻል አሉኝ፤ አንዱ ሰዓት ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ የተረፈው ለለቅሶ፤ ብዘገይ ደግሞ ከሥራ እንደምሰናበት በትሕትና አስታወሱኝ። ገለምሶ አውሮፕላን አያርፍም ብልዎ፣ ሁሉም ያው ሐረርጌ ነው ብለው አጽናኑኝ።

2ኛ፤ የአገሬ ልጅ አክረም ያን ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ደጅ ይጠብቀኝ ነበር። በመኪና ከሄድሁ ቀኑ አይበቃኝም ብዬ ብቻውን ሸኘሁት፤ ትኬት የተገኘልኝ ለቀትር ነው። በረራው በእርግጥም አንድ ሰዓት ሆነ፤ እርስዎ አልዋሹም። የጭሮን ተራሮች በመስኮት ቁልቁል አየኋቸው። አባቴ ከዚያው ማዶ ታጥበው፣ ተከፍነው እኔን ይጠብቃሉ፤ አውሮፕላኑ ግን ሚኒባስ አይደለም፣ ወራጅ አለ አይባልበትም። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ለካ እኔን ኖሯል!

3ኛ፤ በሰማይ ያለፍሁትን አገር ከድሬዳዋ ወደ ኋላ በሚኒባስ ተመለስሁበት፤ ጭሮ ላይም ሌላው ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀመጥሁ። አጎቴ መስዑድ ሽማግሌዎቹን ለምነው የአባቴን ጀናዛ እስከ አስር ሰላት፣ እስከ ከቀትር በኋላው ስግደት፣ አቆዩልኝ፤ ከዚያ በላይ ማቆየት በእኛ ዘንድ አይሆንም። እኔ የደረስሁት ፀሐይ ጠልቃ ለመግሪብ ሰላት ነው። የቆየኝ ባዶ አልጋ ነበር።

አክረም ግን በመኪናው በጊዜ ደርሶ አባቴን ተሸክሟል፣ ቀብሯል። ፊታቸውን አንድ ጊዜ ለማየት ነበር ልመናዬ ሁሉ። ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር ለልጃቸው ለእኔ የነገረኝ እሱ ነው። አንጀቴ አርሯል ጌታዬ፤ ይህን በትሕትና የምጽፍበት መንገድ አላገኘሁም።

የዘገየሁበትም ምክንያት ይኸው ነው፦ እናቴ ቀሚሴን ይዛ አልለቅ አለችኝ። በየትኛው የደንብ አንቀጽ እንደሚወድቅ እርስዎ ይፈልጉልኝ፤ ፍለጋ ይችሉበታል።

የአንድ ሰዓት መንገድ በአንድ ቀን መጨረስ ያቃታት፣
ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቷ የማትረሳ ታዛዥዎ
ዘይቱና በድሪ
ከገለምሶ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ አክረም በመኪናው ያመጣልዎታል። በአውሮፕላን ያልላክሁት፣ እንዳይዘገይብዎ ብዬ ነው።