የከድር እጅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

የወንድሜን የከድርን የእጅ ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ የሚጻፍበት ፎንት አደረግኩት። ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል፤ እስካሁን ወሬው የለም። አብረን ሰሌዳ የምንጽፍበት ማስታወቂያ ቤታችን ተዘርፏል፤ እሱ የጻፈባቸው ባጃጆች ግን ዛሬም ከተማውን ይዞራሉ። መናኸሪያው በር ላይ እያስቆምኩ የጀርባቸውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ፎቶ አነሳሁ። ቀጭን፣ ዘንበል ያለ፣ እየሣቀ የጻፈው የሚመስል ነው። ለቀበሌ ሰሌዳ አይሆንም፤ ለሰርግ ጥሪና ለጭማቂ ቤት ግን የሚያክለው የለም።

ዛሬ ከጅዳ ለተመለሰችው ለጎረቤታችን «ዘይነባ ጭማቂ ቤት» ብዬ ሰሌዳ አተምኩበት። እናቴ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ማንበብ አትችልም። ሰሌዳውን ስታይ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

«ከድር መጣ እንዴ?»

«አልመጣም እማ። ፊደሉን እኔ ነኝ ከባጃጅ የለቀምኩት።»

ቀረብ ብላ በጣቷ እየዳሰሰች ሄደች። «ወላሂ የሱ እጅ ነው» አለች። «ጭ» ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይቺ ግን የሱ አይደለችም።»

ያቺን ፊደል ከአንድም ባጃጅ ላይ ስላጣኋት እኔው አስመስዬ የሠራኋት ናት። እናቴ ከሄደች ወዲህ አፍጥጬ አያታለሁ፤ ከሌሎቹ ለመለየት ግን አልቻልኩም።