አባ ፍሬን

ረቡዕ፣ የካቲት 20 ቀን 2016

አብደታ ዋሸብኝ። በሰው ፊት ስሜን አጠፋ።

የልጄ የምስራች ቁርስ ቤት ዛሬ ተከፈተ፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። «የምስራች ብሬክፋስት»። ብሬክ መስበር ነው፣ ፋስት ጾም። እንግሊዞች እንቅልፉን እንደ ጾም ቆጥረው ጠዋት ይገድፋሉ። ጥሩ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲጻፍ ብዬ ለታፔላ ጻፊው ለአብደታ አንድ በአንድ ጠራሁለት። ቢ፣ አር፣ ኢ፣ ኤ፣ ኬ...

እሱ ግን ኢ የተባለችውን ከመሃል ነቅሎ ከኬ በኋላ ተከላት። ፋስትን ደግሞ ለብቻው ነጠለው። ያ ብሬክ የመኪና ፍሬን ነው። ፋስት ለብቻው ሲቆም ቶሎ ማለትም ይሆናል። እንግዲህ የልጄ ቤት ታፔላ «ፍሬን ቶሎ ያዝ» ይላል።

መጀመሪያ ያነበበው ኪቲላ ነው፣ የአይሱዙ ሹፌሩ። «ይኸው ያዝኩ፣ ጋሼ ፈንታሁን። አሁን ምን ልብላ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። አብደታ መሰላሉ ላይ እንዳለ፣ «እሳቸው እንደጠሩልኝ ነው የጻፍኩት» አለ።

እንደጠራሁለት?

አርብ፣ የካቲት 22

አብደታ ቤት ሄድኩ። አልተቀመጥኩም።

«ኢ የምትባለዋን የት አድርግ ነው ያልኩህ?»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ኢ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ሌላ ናት። በቁቤ ኤ የምትባለው ደግሞ እርስዎ ኢ የሚሏት ናት። ግራ ሲገባኝ እጄ የለመደውን ጻፍኩ። ስንት መኪና ኋላ ላይ ኤር ብሬክ ብዬ ጽፌያለሁ...»

«ይህንኑ በሰው ፊት ተናገር።»

«ታፔላ ጻፊ ተሳሳትኩ ብሎ ካወጀ ማን ያሠራዋል? እርስዎ ጡረታ አለዎት።»

ወጣሁ። ከዚያ ልጄ ዘንድ። አውርጂው አልኳት።

«አባባ፣ ሹፌሮቹ ለመሳቅ ይቆማሉ። ከቆሙ ደግሞ ይበላሉ። አላወርደውም።»

«ካልታረመ ደጃፍሽን አልረግጥም።»

«እሺ» አለች። እሺ ብቻ። ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ሁዳዴ ገባ። ሻይ የምትሸጠው ቢሊሴ ጋ ተቀመጥኩ፤ ለሰዎቹ ዊንዶ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ልነግራቸው። ጥንት የነፋስ ዓይን ማለት ነበር። መስኮት፣ የነፋስ ዓይን... ይህን ሲሰሙ ዝም ይሉ ነበር፣ ዱሮ። አባ ጄቻ ነበር የሚሉኝ፣ የቃል አባት።

ቢሊሴ ብርጭቆ እያጠበች፣ «ያ ዓይን ፍሬን አለው?» አለችኝ።

አሁን አባ ፍሬን ነኝ። በኦሮምኛም በአማርኛም አንድ ነው፣ አስተርጓሚ አያሻውም።

የማንም ትምህርት ቤት አላስተማረኝም። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ከጎሬ ገበያ ገዝቼ፣ በፋኖስ ያነበብኩትን አንድ ሰው በአንድ ፊደል አይወስድብኝም። አልለቅም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

በወንዙ በኩል ዞሬ ገበያ ሄድኩ፣ በልጄ ደጃፍ እንዳላልፍ። ሩቅ ነው፣ ጭቃ ነው። ይሁን።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

የምስራች በሰው ሰላምታ ላከችልኝ። «ደህና ነኝ» በሏት አልኩ።

አብደታን አፉን የማስይዝበትን ፈለግኩ። ሁለቱ ብሬኮች ፈጽሞ እንደማይገናኙ ላሳየው... መዝገበ ቃላቱን አወጣሁ። መስበር የሚለውን አነበብኩ። ከዚያ ፍሬን የሚለውን። ዱሮ፣ ይላል፣ የተልባ አገዳ መስበሪያ መሣሪያ ስም ነበር። ከዚያ በታች በደቃቅ ፊደል፦ ምናልባት መስበር ከሚለው ግስ የመጣ።

ምናልባት?

መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩ። ያው ነው። ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው? የእኛስ... ጾም መግደፍ እና ግድፈት። በአንድ ግንድ ላይ በዓሉም ስህተቱም ተንጠልጥለዋል። ስንት ዘመን ሳወራ ይህን እንዴት አላየሁትም?

ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 26

ከሰዓት ኪቲላ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«የምስራች ልካኝ ነው። ነገ አባባ እኔ ቤት መጥተው ካልገደፉ እኔም አልገድፍም ብላለች።»

«በፋሲካ? በፋሲካ መጾም አይፈቀድም።»

«እኔ ጴንጤ ነኝ ጋሼ፣ ይህን ግን እኔም አውቃለሁ። ነገርኳት። የማን ልጅ እንደሆነች ግን ያውቃሉ።»

ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። ሄደ።

ሁለት ወር እህል በሰዓቱ አልቀመሰችም፤ ለሹፌር ስትጠብስ እየዋለች። ታደርገዋለች። ያለችውን ታደርጋለች። ከማን እንደወረሰችው እኔን መጠየቅ አያስፈልግም።

እሁድ፣ ሚያዝያ 27፣ ፋሲካ

ሄድኩ። በዋናው መንገድ።

አብደታ ከእኔ በፊት ደርሷል። መሰላሉ ተደግፏል፣ ቀለሙ ተከፍቷል። ቢሊሴ አለች፣ ኪቲላ አለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አለ። የምስራች በሩ ላይ ቆማለች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«ጋሼ ፈንታሁን በትክክል ነው የጠሩልኝ» አለ አብደታ ጮክ ብሎ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የምስራች በእኔ ምክንያት በፋሲካ አትጹም፤ አሁን አርመዋለሁ።» ብሩሹን አነሳ።

ስጠብቀው የነበረው ቃል ነው። ሳይጎድል ተነገረ።

«ተው» አልኩት። «አትንካው።»

«ጋሼ?»

«እንዳለ ይቆይ አልኩህ። ውረድ፣ ትወድቃለህ።»

የምስራች አየችኝ። «አባባ፣ ለምን?»

«ዶሮው ይቀዘቅዛል» አልኳት። ደጃፉን ረገጥኩ። የመጀመሪያውን ጉርሻ እኔ አጎረስኳት። ስታኝክ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። አብደታንም ቁጭ በል አልኩት።

ስወጣ ኪቲላ ከጋቢናው ሆኖ፣ «አባ ፍሬን» ብሎ ተጣራ።

«አቤት» አልኩት።

ለምን እንደተውኩት መዝገበ ቃላቱና እኔ እናውቃለን። አብደታ እንዲሰማው አላደርግም፤ መቼም። የምስራችም ብትጠይቅ አልመልስም። ስለዚህ ታፔላ ከእንግዲህ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም። እዚህም አልጽፍም።