ስለ ኩሬያችን ዳክዬዎችና ስለ አቶ ዘገዬ እባብ

አትላንታ፣ በዕለተ ስቅለት፣ ሚያዝያ 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዘገዬ፣ በብራያርክሊፍ መንገድ የሚገኘው አፓርታማችን ማናጀር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ተከራይዎ ኃይለማርያም፣ ፆሙ ካከሳኝ በቀር ደህና ነኝ። ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ በኩሬያችን መካከል ባለችው ደሴት ላሰፈሩት እባብም ጤና ይስጥልኝ፤ እሱ እንኳ በጣም ተመችቶት ወፍሯል።

አንደኛ፣ ስለ እባቡ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ጉዋም ከምትባል የፓስፊክ ደሴት ከተመለሰ ወታደር ገዝተው በሁዳዴ መግቢያ ሲለቁት፣ «ዶንት ዎሪ፣ አይጡን ክሊን ያደርግልናል» ብለው አጽናንተውን ነበር። አይጦቹ ያሉት ቆሻሻ መጣያው ጋ እንጂ ደሴቲቱ ላይ አለመሆኑን ግን ለእባቡ የነገረው የለም። በጉዋም ዘመዶቹ የጫካውን ወፍ ጨርሰው አገሩን ለሸረሪት እንዳስረከቡ ጋዜጣ ላይ አንብቤያለሁ፤ የእኛውም እንግዳ ሙያውን አልረሳም። መጀመሪያ የዳክዬዎቹ እንቁላል አለቀ፣ ቀጥሎ ጫጩቶቹ፣ ከዚያ ዛፍ ላይ ጎጆ የሠሩት ትንንሽ ወፎች። እናት ዳክዬዎቹም ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። አሁን ደሴቲቱን የሞላው የሸረሪት ድር ነው።

ሁለተኛ፣ ይህን የምጽፍልዎ፣ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን የበሉት ጎረቤቴ ወይዘሮ አረጋሽ ናቸው ብለው፣ በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ፣ ማለትም በፋሲካ ዕለት፣ ቤቱን እንዲለቁ ኖቲስ ስለሰጧቸው ነው። ማስረጃዎ በየማለዳው ኩሬው ዳር መታየታቸው ነው። ይሄዱ የነበረው ለዳክዬዎቹ ዳቦ ሊቆርሱላቸው ነበር።

አሜሪካዊ ማናጀር ይህን ቢል አልፈርድበትም። እርስዎ ግን ጎንደር ተወልደው ያደጉ ሰው፣ ዳክዬ በቤታችን እንደማይበላ፣ በዚያ ላይ ወቅቱ ሁዳዴ መሆኑን እንዴት ዘነጉት? ወይዘሮ አረጋሽ ብስኩት እንኳ ሲገዙ፣ እንቁላል እንደሌለበት እኔን ማሸጊያውን ሳያስነብቡ የማይቀምሱ ሴት ናቸው። በግቢያችን ፆም የማያውቅ ነዋሪ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ያስገቡት እርስዎ ነዎት።

እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ወይዘሮ አረጋሽ ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ ወጥተው፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ሲያጸዱ እየዋሉ ያቆሙት ቤት ነው። ትናንት ዕቃቸውን ካርቶን ውስጥ ሲከቱ አይቼ አዘንኩ፤ በእርስዎም በጣም ተናደድኩ። ለቤቱ ባለንብረት ታማኝ ለመምሰል ሲሉ የገዛ ወገንዎን ሌባ ማድረግ ነውር ነው። እባክዎ ኖቲሱን ያንሱ፣ እባቡን ያስይዙ።

በመልካም አስተዳደርዎ ሥር ጫማውን ሳያራግፍ የማይጫማው፣
እጅግ አክባሪዎ
ኃይለማርያም

ማስታወሻ፦ ደሴቲቱ ላይ የሚበላ ስላለቀ፣ እባቡ ትናንት አመሻሽ ላይ በመስኮትዎ በኩል ሲገባ ታይቷል። ሳሎንዎ ውስጥ ያለችው የካናሪ ወፍም ዛሬ ድምፅዋ አልተሰማም። የሽቦ ጎጆዋ በር እንደተዘጋ ሆኖ ውስጡ ባዶ ከሆነ፣ ወይዘሮ አረጋሽ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን እየሰገዱ ናቸውና፣ እባክዎ ሌላ ፆመኛ ይፈልጉ።